ለአሮጌው ብቻ

ዓርብ ነው በኒዝዋ፤ ከምሽጉ ጥላ ሥር
ፍየል በክብ ሲዞር፣ ሻጭ ሲምል ሲከራከር፣
ሙሐነድ ከዚያ መጣ፣ ካርቶን በብብቱ፤
«ቅናሽ ነው! በሦስት ሪያል ሃያ አምስቱ!»
አለና ሽንኩርት ከምከትፍበት ላይ ጣለው፤
ጥይት ነው።

ጠመንጃው የአያቱ ነው፣ የባባ ኸልፋን፤
ባለሁለት አፍ፣ በጀልባ ከዛንዚባር የመጣ፣ የቅድመ አያት ዘመን።
ገላው እንደ እባብ ቆዳ ዝንጉርጉር፣
ሽቦ ተጠምዝዞ፣ ተቀጥቅጦ፣ በእሳት ሲማከር።
ባባ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ እየሄደ
«ድምፁን አንዴ ልስማ» እንዳለ ስንት ጨረቃ ነጎደ።

ካርቶኑን አነበብኩት፤ ሰባ ሚሊ ይላል፤
በቀይ ቀለም ደግሞ «ኃይለኛ» ተብሏል።
እርሳስም አይደለም፣ የብረት ነው ፍሬው።
«ይህን አታጎርሰው» አልኩት፣ «ይገድልሃል አውሬው»።

ሳቀብኝ። «ጦይባ፣ አንቺ ሩዝሽን ጠብቂ!
ስለ ጠመንጃ ደግሞ ምን ታውቂ?»

ምን አውቃለሁ። ከሚሴ፣ ከመስጊዱ ጀርባ
የአባቴ ደጅ ነበር፣ ጠመንጃ ታዝሎ እንደ ሕመምተኛ የሚገባ።
መብራት ያዥ ነበርኩ፤ አፈሙዙ ውስጥ ባትሪ አብርቼ
ዝገት የበላውን ጉድጓድ እቆጥር ነበር፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴን ዘርግቼ።

አመጣው። ከሰደፉ ነጥዬ በክር አንጠለጠልኩት፤
በጥፍሬ ነካሁት፤
እንደ ደወል ጮኸ። ድፍን ቢል ኖሮ ብየዳው ላልቷል ማለት ነው፣
ወሬው ሁሉ እዚያ ላይ ባበቃ ነበረ።
ከሻይ ካርቶን ቀጭን ቁራጭ ወደ ጎሬው ሰደድኩ፣ ጠርዙን እስኪነካ፤
ስድሳ አምስት ሆነ ሲለካ።

«ግን ይገባል እኮ!» አለ። እውነት ነው፣ ይገባል፤
ሞኝ እዚህ ላይ ነው የሚታለል።
ሳይተኮስ ጫፉ ታጥፏል፣ እንደ ሳምቡሳ ከንፈር፤
ሲተኮስ ይዘረጋል፣ ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር።
እርሳስ መውጫ ሲያጣ ባሩድ ይቆጣል፤
የተቆጣ ባሩድ በጎን ይወጣል፣
ግራ እጅ ባለበት።

«ፍቅርና ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም» ይላሉ እኛ ሀገር፤
ይህን ላሮጌ ጠመንጃ ማንም እንዳይናገር።
ለሱ የሚሻለው በቀላሉ የሚወርድ፣
አጭር ቀልሃ፣ ጥቂት እርሳስ፣ ቁጣ የሌለው ባሩድ።

ሱቅ ሄድን። አንዱ ከባሕር ማዶ፣ ላሮጌ ተብሎ የተሠራ፣
አሥራ ስምንት ሪያል፤ የደመወዜ አምስተኛ፣ ስሰማው ልቤ ፈራ።
አንዱ ርካሽ፣ ግን እንደገና የተሞላ፤ ማን ሞላው? በምን ልክ?
ባለሱቁ ትከሻውን ሰበቀ፤ እኔም አለፍኩት ሳልነካካ።
ሦስተኛው የሸክላ ዒላማ ተኳሾች የሚወስዱት፤
ስድሳ አምስት፣ ሃያ አራት ግራም። የግፊቱን ልክ አስነበብኩት፣
ከብረቱ ማኅተም ጋር አስተያየሁት።
ሰባት ሪያል።

«የኔን እጥፍ ነው!» አለ ሙሐነድ።
«ጣትህስ ስንት ነው?» አልኩት።

በማለዳ፣ ዋዲው ዳር፣ ከመኪና ጎማ ጋር ጠፍረን
ቃታውን በረጅም ገመድ ሳብን፣ ከቋጥኝ ጀርባ ሆነን።
አንዴ። ደግመን በሌላው አፍ። ቀልሃው በጣት ወጣ፤
ብረቱ አላበጠም፤ ስንጥቅም አልመጣ።
ከዚያ ባባ አነሣው። የቲማቲም ቆርቆሮ ላይ አነጣጠረ፣
ተኮሰ፣ ሳተው፤
ድምፁ ከተራራው ሲመለስ ጆሮውን ይዞ ቀረ።

የተረፈው ሃያ ሁለት ነው። ከእርድና ከስኳር መሀል፣
በሩዝ ቆርቆሮ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ይውላል።
በላዩ በፊደላችን ጻፍኩበት፦ «ለአሮጌው ብቻ»።
ባባ በጣቱ ዳሰሰው፤ «ምን ይላል?»
ነገርኩት። ዝም አለ፣ ፂሙን አሻሸ፤
«ለኔ ነው ለሱ?»